«የውሸት ውሸት» ስንለው የኖርነው መጽሐፍ

እስኪ በኑዛዜ እንጀምር። እኛ መጽሐፍ አንባቢ ነን ብለን የምንኮራ፣ ትንሽም የምንጀነን ሰዎች ነን። ጋዜጠኝነት በተማርንባቸው ዓመታት ከክፍሉ ይልቅ ከካፌው ወንበር የተማርነው ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እዚያ ወንበር ላይ ደግሞ ሕግ ነበረን። ጥሩ ልብወለድ ማለት የሚታወቅ ሰው በሚታወቅ አገር የሚኖርበት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ይግባ። «አደፍርስ» ይግባ። «ኦሮማይ» ሲመጣማ ብድግ ብለን ነው የምንቀበለው። መንኩራኩር ያለበት፣ ሰው በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ የሚሄድበት፣ ከሌላ ዓለም እንግዳ የሚመጣበት ግን ከበር ይመለስ። ስምም አውጥተንለት ነበር፤ «የውሸት ውሸት»። ልብወለድ ራሱ ውሸት ነው፣ ይሄ ደግሞ በውሸቱ ላይ የተደረበ ሌላ ውሸት ነው ለማለት ነው። (ስንስቅ ብታዩን!)

በነገራችን ላይ፣ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ እኛ ልጆች ነበርን። ስለላውን፣ ሳይንሱንና ጣናን ያደባለቀውን ያንን መጽሐፍ ታላላቆቻችን እየተሻሙ ሲያነቡት እናስታውሳለን። አድገን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ግን የመጽሐፍ ሰው ለመባል መጀመሪያ የሚፎገረው እሱ እንደሆነ ገባን። ፎገርን። ከመካከላችን አንብቦ የጨረሰው ስንት ነበር? አንድ። እሱም ደብቆ ነው ያነበበው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወሬ አለቀብንና ከመካከላችን አንዱ ነገር አመጣ። «እያንዳንዳችን በጣም የምንንቀውን ዓይነት መጽሐፍ አንብበን እንምጣ» አለ። ያኔ ነው እንግዲህ መጻሕፍት እስከ አገጩ ከምሮ በካፌዎች መሀል የሚዞረው አዟሪ የደረሰው። (እነዚህ ልጆች ክምሩ ሳይናድ ከመሀል አንድ መጽሐፍ ስበው የሚያወጡበት ጥበብ ራሱ ሳይንሳዊ ልብወለድ ነው።) «የጊዜ ጉዞ ምናምን ያለበት አለህ?» አልነው፤ ፉገራ ነበር። እሱ ግን ፉገራውን ከቁም ነገር ቆጥሮ ጥጉ የተላጠ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሳበ። «ኪንድረድ» ይላል። ደራሲዋ ኦክታቪያ በትለር። ተከራክረን ገዛነው፤ ለአራት ተካፍለን፣ በየተራ ልናነበው።

መጀመሪያ የገረመን የመጽሐፉ ስም ነበር። ቃሉ በአማርኛ ሲፈታ «ዘመዳሞች»፣ «የሥጋ ዘመዶች» እንደማለት ነው። የጊዜ ጉዞ መጽሐፍ ከዝምድና ጋር ምን አገናኘው? ይህን ጥያቄ ያዙልን፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ማሽን የሌለው ጉዞ

ታሪኩ እንዲህ ነው። (ምሥጢሩን ሁሉ አናወጣም፤ ጥቂት ግን ማውጣታችን አይቀርም፣ ይቅር በሉን።) ዴና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ አለች፤ ካሊፎርኒያ ነው የምትኖረው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 1976 ሃያ ስድስተኛ ዓመቷን በያዘችበት ዕለት፣ ከነጭ ባሏ ከኬቨን ጋር አዲስ በገቡበት ቤት መጽሐፍ ከካርቶን እያወጣች ትደረድራለች። ድንገት ያዞራታል። ዓይኗን ስትገልጥ ወንዝ ዳር ናት፤ አንድ ቀይ ጸጉር ያለው ነጭ ልጅ ውሃ ሊወስደው ነው። ታድነዋለች። የልጁ አባት ጠመንጃ ሲደቅንባት ደግሞ ተመልሳ ቤቷ ትገኛለች። ባሏ እንደነገራት የጠፋችው ለሰከንዶች ብቻ ነው።

ልጁ ሩፈስ ይባላል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖር የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ነው። አዎ፣ ሜሪላንድ፤ ያቺው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችባት፣ አክስቶቻችን የሚኖሩባትና ዶላር የሚልኩባት። ሩፈስ ሕይወቱ አደጋ ላይ በወደቀች ቁጥር ዴና ትጠራለች። የራሷ ሕይወት አደጋ ላይ ስትወድቅ ደግሞ ትመለሳለች። ስድስት ጊዜ ትሄዳለች። የመጨረሻው ጉዞ የሚውለው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1976፣ አሜሪካ የነፃነቷን ሁለት መቶኛ ዓመት ርችት እየተኮሰች በምታከብርበት ዕለት ነው።

እኛ የጠበቅነው ማሽን ነበር፤ ሽቦ፣ መብራት፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሳይንቲስት። አንድም የለም። ዴና ለምን እንደምትጠራ እንጂ እንዴት እንደምትጠራ መጽሐፉ አያብራራም። የመጀመሪያዋ አንባቢያችን ሃያ ገጽ ላይ ደውላ «እና ሳይንሱ የታለ?» ብላ ተቆጣች። በኋላ እንደተረዳነው ደራሲዋ ራሷ ይህን መጽሐፍ «ሳይንስ የለበትም፤ ሳይንሳዊ ልብወለድ አይደለም» ትል ነበር። ልብ በሉልን! የምንንቀውን ዓይነት ለማንበብ ወጥተን የገዛነው መጽሐፍ በባለቤቱ አንደበት ያ ዓይነት አይደለም። አጥሩ እንዲህ የላላ ከሆነ እኛ በር ላይ ቆመን ስንከለክል የኖርነው ማንን ነው?

ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ያቺው የተቆጣችው ልጅ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልእክት ላከች። «ልጆቹ» ይላል፣ ሌላ የለም። እኛም ተራችን ሲደርስ ገባን። የባሪያ ልጆች እየተጫወቱ ነው። አንዱ ሕፃን ጉቶ ላይ ወጥቶ ጨረታ ይጠራል፤ ሌሎቹ ደግሞ እየተሸጡ ነው። አንዷ ዋጋዋ አነሰ ብላ ታኮርፋለች። ጨዋታ ነው፤ የእኛ ሰፈር ልጆች እቃቃ እንደሚጫወቱት ማለት ነው። ይህን ገጽ ካነበብን በኋላ ስለ ማሽኑ የጠየቀ የለም።

ቱሪስት መሆን ሲቀር

ከመካከላችን አንዱ ግን አሁንም ተከራከረ። «ስለ ባርነት ለመጻፍ ተአምር ምን ያስፈልጋል? የታሪክ ልብወለድ አይበቃም?» አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አንድ ሳምንት አከራክሮናል።

መልሳችን ይህ ነው። የታሪክ ልብወለድ ስናነብ እንግዶች ነን። ያ ዘመን የእነሱ ነው፣ ጥፋቱም የእነሱ ነው። እናዝናለን፣ እንቆጣለን፣ መጽሐፉን አጥፈን ማኪያቶአችንን እንጠጣለን። በልባችንም «እኔ ብሆን ኖሮ እምቢ እል ነበር» እንላለን። በትለር የምትነጥቀን ይህችን ዓረፍተ ነገር ነው። የላከችው የዛሬን ሰው ነው፤ ሱሪ የለበሰች፣ የተማረች፣ መብቷን የምታውቅ፣ እንደ እኛ ታሪክ ያነበበች ሴት። ዴና ምን ሆነች? ተገረፈች። ፈራች። ከሁሉም የሚያስደነግጠው ደግሞ ለመደች። በመጀመሪያው ጉዞ የዘገነናት ነገር በአራተኛው የዕለት ሥራ ሆነ። ያ ቤት «ቤቴ» የሚል ቃል ከአፏ እስኪያወጣ ድረስ ለመደች።

ይባስ ብሎ ሩፈስ ዘመዷ ነው፤ የአያቶቿ አያት። አሊስ ከምትባል በነፃነት ከተወለደች፣ በኋላ ግን ባሪያ ከተደረገች ጥቁር ሴት ልጅ ካልወለደ ዴና የምትባል ሰው አትኖርም። ስለዚህ ዴና ያን ሰው በሕይወት ማቆየት አለባት። የአሊስን መከራ እያየች መቆየትም አለባት። የመኖሯ ዋጋ የሌላ ሴት መደፈር ነው። ይህን ቋጠሮ ያለዚያ «ውሸት» ማን ሊቋጥረው ይችላል? ተአምሩ ከእውነት መሸሻ ሳይሆን ወደ እውነት መግቢያ በር ሆኖ አገኘነው። ሌላው በር ሁሉ ከውስጥ የተቆለፈ ነበርና።

ስለ ደራሲዋ ስናነብ ነገሩ ይበልጥ ገባን። ኦክታቪያ በትለር እ.ኤ.አ. በ1947 ካሊፎርኒያ ፓሳዴና ውስጥ ተወለደች፤ በ2006 አረፈች። እናቷ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ልጅቷ እናቷ በኋላ በር ሲገቡና ሲዋረዱ ዝም ሲሉ እያየች ነው ያደገችው። ኮሌጅ ስትገባ ደግሞ አንድ ጥቁር ተማሪ የቀደመውን ትውልድ «አንገታቸውን ደፍተው ወደ ኋላ ያስቀሩን እነሱ ናቸው» እያለ ሲያማርር ሰማች። «ኪንድረድ»ን የጻፈችው፣ ያ ልጅ ታሪኩን በጭንቅላቱ ቢያውቀውም በቆዳው እንደማያውቀው ስለተረዳች ነበር። መጽሐፉ በ1979 ከመታተሙ በፊት ዕቃ አጥባለች፣ በስልክ ዕቃ ሸጣለች፣ የድንች ቺፕስ እየመረጠች ኖራለች፤ ሌሊት ተነስታ ደግሞ ትጽፋለች። በ1995 ታዋቂውን የማክአርተር ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ የሳይንሳዊ ልብወለድ ጸሐፊ ሆነች። እኛ «የልጆች ነገር» ስንል የኖርነው ይሄን ነው።

የአያት ቤት

እዚህ ድረስ ስለ አሜሪካ ነበር። አሜሪካ ስለሆነ ደግሞ ደፋሮች ነበርን። ባርነትን ለማውገዝ አትላንቲክን የሚያህል ርቀት ሲኖር ማንም ጀግና ነው።

ከመካከላችን አንዷ ግን (የትኛዋ እንደሆነች አንናገርም) መጽሐፉን ስትጨርስ አያቷ ቤት ሄደች። አያቷ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው፤ የተወለዱት ገጠር፣ ትልቅ ግቢ ባለው ባላባት ቤት ነው። በልጅነታቸው ስላሳደገቻቸው ሴት ሁሌ ያወራሉ። ቆሎ የምትቆላላቸው፣ ጸጉራቸውን የምትሠራቸው፣ ሲያማቸው አዝላ የምታድር። ይህን ታሪክ ልጅቷ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። በዚህ ጊዜ ግን ጠየቀች።

«እማማ፣ እኚያ ሴት ከየት ነው የመጡት?»

«አባቴ ነው ያመጣት፤ ከሩቅ አገር።»

«አመጧት ወይስ ገዟት?»

አያት ዝም አሉ። ከዚያ «ተይ እንዲህ አይባልም! እሷማ እንደ ቤተሰብ ነበረች» አሉ።

«እሺ፣ የአባታቸው ስም ማን ነበር?»

አያት አሰቡ። አሁንም አሰቡ። የሰባት ቤት ዘመድ በቃላቸው የሚቆጥሩ፣ የሟች አያቶቻቸውን ስም እስከ ሰባተኛው ትውልድ የሚያወርዱ ሴትዮ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻቸውን ሴት የአባት ስም አያውቁትም። «እኔ እንጃ» አሉ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብለው። «ማንም አልጠየቃት።»

ቀኖቹን እናስታውስ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ የባርነት ጉዳይ ያኔ ካከራከሩት ነገሮች ዋናው ነበር። በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። ባርነትን በሕግ ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። የጓደኛችን አያት ያኔ ዳዴ የሚሉ ሕፃን ነበሩ። እኚያ ሴት ከአዋጁ በኋላም ከዚያ ግቢ አልወጡም። ወዴት ይሂዱ? ከየት እንደመጡ የሚያውቅ ሰው ከሌለ መመለሻው በየት በኩል ነው?

እዚህ ጋ ልንጠነቀቅ ይገባል። የሜሪላንድ እርሻና የእኛ አገር ባርነት አንድ አይደለም። አመጣጡ፣ ሕጉ፣ ከቆዳ ቀለም ጋር ያለው ዝምድና፣ ሥራው ይለያያል፤ የአሜሪካን ታሪክ ገልብጦ እዚህ መለጠፍ ስንፍና ነው። «የእኛማ እንደ ቤተሰብ ነበር» ብሎ ማለፍም ግን ሌላ ስንፍና ነው። የሁለተኛው ስንፍና ጉዳት ይብሳል፤ ጥያቄውን ገና ሳይጠየቅ ይገድለዋልና። ባርነቱ በአዋጅ ሲሻር፣ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በየሰፈሩ ስድብ ሆኖ እየኖረ ነው። ስድቡን የሚያውቅ ሁሉ ታሪኩን አያውቅም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድ ምን እንደሆነ ጠይቁን። እንቅልፍ ላይ ሆነን እንመልሳለን። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ ሮም የታተመ፣ 1900 ዓ.ም.፤ ፈተና ላይ ይመጣላ! ታሪኩ የሚነሳው በጦርነት ተማርኮ በባርነት ከተሸጠ የጦር አለቃ መሆኑን ግን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? የልብወለዳችን በር ላይ የተሸጠ ሰው ቆሟል። እኛ «የመጀመሪያው» የሚለውን ሸምድደን፣ ሰውየውን አልፈነው ገባን።

ቡናውን ያፈላችው ማን ናት?

ልንጨርስ ስንል አንድ ነገር ተከሰተ። አለመጻፍ ይሻለን ነበር፣ ግን ይኼን ከተውን የቀረው ሁሉ ፉከራ ይሆናል።

አራታችንም አንብበን ከጨረስን በኋላ ከመካከላችን በአንዱ ወላጆች ቤት ተሰብስበን ስለ መጽሐፉ ስንወያይ ዋልን። ሞቅ ያለ ውይይት ነበር። ስለ ዴና፣ ስለ አሊስ፣ ሦስት ልጆቿን ስለሸጡባት ስለ ምግብ አብሳይዋ ስለ ሳራ። አንዱ «ከሁሉም የሚያመው የተሸጡበት ምክንያት ነው፤ እመቤቲቱ አዲስ የቤት ዕቃ ስላማራት!» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በዚህ መሀል ቡናው ሁለተኛ ደረሰ። ቡናውን ያቀረበችው የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ስኒዎቹን ሰብስባ ስትወጣ ከመካከላችን አንዷ የቤቱን ልጅ «የት ነው የምትማረው?» ብላ ጠየቀችው።

«አትማርም። ግን እንደ ቤተሰባችን ናት» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እሱም የተናገረውን ሰማው።

አታጣምሙብን፤ የቤት ሠራተኛ ባሪያ ናት አላልንም። ደመወዝ አላት፣ መሄድ ትችላለች። ግን ያቺ «እንደ» የምትባል ቃል ከአያት አፍ ተነስታ ሰማንያ ዓመት አልፋ ሶፋው ላይ አብራን ተቀምጣ አገኘናት። የጊዜ ጉዞ ማለት ይህ አይደል? እህቶቻችን ከቤይሩትና ከሪያድ ደውለው ስለ «ማዳም» ሲነግሩን ደማችን ይፈላል። ወጥ ቤት ውስጥ የምትተኛውን ልጅ የአባት ስም ግን እዚያ ቤት ከነበርነው መካከል የሚያውቅ አልነበረም። ጠየቅናት። ነገረችን። ስሙን ስትናገር ለምን እንደተጠየቀች ግራ ገብቷት ነበር፤ የሆነ ነገር ጠፍቶ የተጠረጠረች መስሏታል። የማታ ትምህርት እንድትመዘገብ ወሬ ተጀምሯል። ወሬ ነው እስካሁን፤ የቤቱ እናት «ሥራውስ?» እያሉ ነው። ውጤቱን ሳናውቅ «አንድ መጽሐፍ ሕይወት ለወጠ» ብለን አንጽፍም።

የምንለው ይህን ያህል ነው። «የውሸት ውሸት» ስንለው የኖርነው ልብወለድ፣ እውነተኛ ነገር ብቻ እናነባለን ስንል የዘለልነውን እውነት አሳየን። አሁን ስናስበው ንቀታችን የጣዕም ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የሚታወቀውን ብቻ ማንበብ ይመቻል፤ የማይታወቀውን ማን ይጠይቀናል? «ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ግን እንደ ማርስ ሩቅ ሆኖ ይጀምርና ማድ ቤት ድረስ ይገባል። በትለር በ1993 ያሳተመችውና ታሪኩ በ2024 የሚጀምረው «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር» አሁን በመካከላችን እየዞረ ነው። «ዴርቶጋዳ»ንም ወረፋ አስይዘነዋል፤ በዚህ ጊዜ ሳንደብቅ።

ወደ ስሙ እንመለስ ብለን ነበር። ዘመዳሞች። ዴና ሜሪላንድ ሄዳ ያገኘችው ጠላት ብቻ አይደለም፤ ዘመድ ነው። ክንዷን ያስከፈላትም ይኸው ነው። (ይህን ምሥጢር አወጡ አትበሉን፤ መጽሐፉ ራሱ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይነግራችኋል።) ከዘመድ ጋር የተገናኘ ሙሉ ሆኖ አይመለስም።

እኛም አንዲት ትንሽ ነገር ቀይረናል። የጓደኛችን አያት ያቺን ሴት እስከ ዛሬ «እሷ» ነው የሚሏት። እኛ ግን ከዚህ በኋላ ስናነሳቸው «እሳቸው» እንላለን። የአባታቸውን ስም አናውቅም፤ ይቺን ግን ማንም አይከለክለንም።

እናንተም አያት ካላችሁ ቶሎ ሂዱና ጠይቁ። ቸር እንሰንብት።